የይርዳው ደጅ

አንድ ቀን፣ ያውም ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት፣ የወይራ አምባው ልብስ ሰፊ ይርዳው ቤት እንዲለቅ ተነገረው። አከራዩ ልጄን ልድር ነው አሉት። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ሰውዬ የስፌት መኪናህ እንቅልፍ ነሳኝ ብለው አስወጥተውት ነበር። ከእሳቸውም በፊት የነበሩት ባልቴት ደግሞ፣ ምንም አላጠፋህም ልጄ፣ ብቻ ፊትህ ሰለቸኝ ብለው ነው ያሰናበቱት። ይርዳውና ሚስቱ ጥሩአይነት በተጋቡ በዐሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ቤት ቀያይረዋል። ሲገቡ ምስማር ይመታሉ፣ ሲወጡ ያንኑ ምስማር ነቅለው ይዘው ይሄዳሉ።

ጥሩአይነት ለሠርጓ የተሰጧት ስድስት ባለ አበባ የሸክላ ሰሃኖች ነበሯት። በካርቶን አድርጋ፣ በሲባጎ ጠፍራ፣ ከአልጋ ሥር ታስቀምጣቸዋለች። አንድም ቀን በልተውባቸው አያውቁም። እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት ሰሃን ትዋሳለች እንጂ ካርቶኑን አትነካም። ለምን ሲሏት፣ ማን ደግሞ ለመልሶ ማሰር ይደክማል ትላለች። የራሴ ጣራ ሥር የገባሁ ቀን እፈታዋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች።

ያን ቅዳሜ ይርዳው መቀሱን አስቀመጠና በቃኝ አለ። ከእንግዲህ የሚገባው የራሱ ቤት ብቻ እንደሆነ ለሚስቱ ነገራት። ያላቸውን አሟጠው፣ የጎደላቸውን ዘመድ ሞልቶላቸው፣ ወይራ አምባን ከላይ እስከ ታች ቢዞሯት ለአቅማቸው የሚሆን አንድ ቤት ብቻ ተገኘ። የአቶ ወንዳፍራሽ ቤት። ይህ ቤት ለሽያጭ ከወጣ ዓመት አልፎታል። የሚያየው ሰው ሁሉ ቤቱን ያመሰግናል፤ የሻጩን ስም ሲሰማ ግን ድንገት ሌላ ጉዳይ ትዝ ይለውና ይሄዳል።

ሰውም አልተሳሳተ። አቶ ወንዳፍራሽ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ክርክር ሲሰሙ ኖረው፣ ጡረታ በወጡ በሳምንቱ የራሳቸውን ጀመሩ። ጎረቤታቸውን ከጣራህ የሚወርደው ዝናብ ግቢዬ ገባ ብለው ከሰሱት። ሰውየው አሸንዳ አሠርቶ ውሃውን ወደ ሌላ ቢመልሰው ደግሞ፣ ጎመኔ የለመደውን ውሃ ነሳኝ ብለው ከሰሱት። ሁለቱንም ረቱ። ከተማው «ባለአንቀጹ» ይላቸዋል፤ ምን ነገር ቢነሳ አንቀጹን ከነቁጥሩ እንደ ዳዊት ያወርዱታላ። ጤፍ ካለው አፍ ያለው ያግባሽ የሚባለው ተረት ለእሳቸው ተብሎ የተተረተ ይመስላቸዋል።

በዚያ ላይ ቋጣሪ ናቸው። ለችሎት የሚለብሷት አንዲት ግራጫ ኮት አለቻቸው። ፊቷ ሲነጣ ይርዳው ዘንድ ያመጡና ውስጧን ወደ ውጭ ያስገለብጧታል። ውስጧም በተራው ሲነጣ፣ ያኛው ፊቷ እስከ ዛሬ ሳያርፍ አልቀረም ብለው መልሰው ወደ ቀድሞው ያስገለብጧታል። ይርዳው ያቺን ኮት ከራሱ ሸሚዝ በላይ ያውቃታል።

ማታ ቤቱ እንደተገኘ ለጥሩአይነት ሲነግራት ሻጩ ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ስሙን ስትሰማ፣ የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም አለችው። ይርዳው፣ እኛ የምንገዛው ቤቱን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ።

«ቤቱማ ምን አለው፣ አይናገር» አለች። «እኔ የፈራሁት የሚናገረውን ነው። እሺ፣ ግዛ። ግን ያቺን ቃል ሳታስጽፍ እንዳትፈርም።»

ያቺ ቃል የምትባለውን ቤት የገዛም የሸጠም ሁሉ ያውቃታል። ሻጭ ቤቱን ሲያስረክብ፣ ነገ ተነስቶ ይህ የእኔ ነው የሚል ተከራካሪ ቢመጣ እኔ መክቼ እመልሳለሁ ብሎ ይገባል። ገዢው የሰውየውን ያለፈ ታሪክ አያውቅማ። ወንድም ይኑረው፣ ዕዳ ይኑረው፣ የተጣላት ሚስት ትኑረው፣ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ ሻጩ ይመልሳል። አብዛኛው ሰው በአንድ መስመር ጽፏት ያልፋል፤ ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ከወረቀቱ ወጥታ ሥራ የምትሠራበት ቀን አይመጣም።

ውሉ የተጻፈው ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከልሳነወርቅ ዘንድ ነው። ልሳነወርቅ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የጽሕፈት መኪናውን ዘርግቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻና ውል የሚጽፍ ሰው ነው። ዓይኑ ስለደከመ ወፍራም መነጽር ያደርጋል፤ የሚጽፈውን ነገር ግን ከሚያጽፈው ሰው በፊት ይገባዋል። አቶ ወንዳፍራሽ በርጩማውን ስበው ተቀመጡና ማስጻፍ ጀመሩ። የልሳነወርቅን እጅ አላሳረፉትም። ይርዳው ቆብ በእጁ ይዞ ቆሞ ሰማ። በመጨረሻ ጉሮሮውን ጠረገና ያቺ ቃል እንድትገባለት ለመነ።

አቶ ወንዳፍራሽ ዞር ብለው አዩት። የተሰደቡ እንጂ የተለመኑ አልመሰላቸውም።

«እኔን ነው ተከራካሪ ይመጣብሃል የምትለኝ?» አሉት። «በዚህ ከተማ እኔን ተከራክሮ የረታ ሰው አለ? ልሳነወርቅ፣ አንተ ሰማህ? አለ?»

ልሳነወርቅ አልሰማሁም አለ። እውነቱን ነው፣ አልነበረም።

«እንግዲያው ጻፍ» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ። «በዚህ አጥር ውስጥ ካለው ቤትም ሆነ መሬት፣ ስንዝር ታህል እንኳ የእኔ ነው የሚል ተከራካሪ ቢመጣ፣ እኔ ሻጩ በራሴ ጊዜ፣ በራሴ አፍ፣ ስለ ገዢው ሆኜ ችሎት ቀርቤ፣ መክቼ እመልሳለሁ። ጻፍከው?»

ይርዳው አሁንም ቆቡን እያሻሸ፣ ዘመድ ቢመጣስ ጋሼ ብሎ ጠየቀ። ዘመድም ይምጣ አሉት። ባለሥልጣን ቢመጣስ አለ። እሱም ይምጣ አሉት። የማናውቀው፣ ያላሰብነው ሰው ቢመጣስ ብሎ ሊቀጥል ሲል አቶ ወንዳፍራሽ ተቆጡ፤ ምን ዓይነት ድርቅና ነው አሉ። ይርዳው ይቅርታ ጠየቀና፣ ልብስ ሲቆረጥ ለስፌቱ የሚሆን ትንሽ ትርፍ ካልተተወለት በኋላ ይጠባል፣ ለዚያ ብዬ ነው አላቸው።

«ጻፍለት» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ። «መጪው ማንም ይሁን ማን። ሰፋልህ? ደግሞ ጨምርበት፤ ባልመክት ግን ገዢው የተወሰደበትን ያህል፣ እዚያው ከቤቱ አጠገብ ካለኝ መሬት ቆርጬ እተካለሁ።»

ልሳነወርቅ እጁን ከመኪናው ላይ አነሳ። ጋሼ፣ ይህን ቤት ከሸጡት እዚያ አጠገብ ምንም መሬት የለዎትም እኮ አላቸው።

«ባይኖረኝስ?» አሉ። «ልረታ ነው እንዴ?»

ተጻፈ፤ ሦስት ምስክር ፈረመ፤ ውሉ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጸደቀ፤ ካርታውም በይርዳው ስም ዞረ። ይርዳውና ጥሩአይነት ለዐሥረኛ ጊዜ ዕቃቸውን ጭነው አዲሱ ቤት ገቡ። ይርዳው ምስማሩን ሲመታ ይህ ከእንግዲህ አይነቀልም ብሎ እስከ ራሱ ድረስ ቀበረው። ጥሩአይነት ግን ካርቶኗን እንደታሰረች አልጋ ሥር አስገባቻት። ምነው ቢላት፣ እስቲ ትንሽ እንየው አለች።

ቤቱ ጠባብ ቢሆንም ጥሩ ቤት ነው። በስተኋላው ገደል ነው፣ ግራና ቀኙ የጎረቤት ግድግዳ ነው። ፊት ለፊቱ ግን እስከ መንገዱ ድረስ ስድስት እርምጃ የምትሆን፣ በአጥሩ ውስጥ ያለች ደጅ አለችው፤ ሰውም ዕቃም የሚገባው በእሷ ነው። መጀመሪያ ላይ ከሣር በቀር ምንም አልነበረባትም። ዓመት ሳይሞላ ግን የከተማው መናኸሪያ ከቦታው ተነስቶ ልክ ከዚያች ደጅ ፊት ለፊት መጣ። መንገደኛው ጧት ማታ ይተራመሳል፤ አንዱ ዚፑ ተበላሽቶበታል፣ አንዱ ሱሪው ረዝሞበታል፣ አንዱ ከአውቶቡስ ሲወርድ ኪሱ ተቀዷል። ይርዳው በደጁ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሠራና የስፌት መኪናውን እዚያ አወጣ። በዕድሜው እንደዚያ ሰው ወረፋ ይዞ ጠብቆት አያውቅም።

አቶ ወንዳፍራሽ ይህን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያዩ ነበር። በየጧቱ ይመጣሉ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ያቺን ደጅ ያዩአታል፣ ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ሰሞን፣ እኔ ይችን ደጅ እንዴት ሸጥኳት እያሉ ራሳቸውን ሲነቅፉ ሰዎች ሰምተዋቸዋል። ወር ቆይቶ ነገሩ፣ እኔ ይችን ደጅ ሸጥኳት እንዴ ወደሚል ዞረ። በሁለተኛው ወር አልሸጥኳትም አሉ።

በሦስተኛው ወር መጥሪያው መጣ።

ክሱ እንዲህ ይላል። የአቶ ወንዳፍራሽ አባት በኑዛዜያቸው ላይ ለልጃቸው ያወረሱትን ሲዘረዝሩ፣ ቤቱን በአንድ መስመር፣ ደጁን ደግሞ በሌላ መስመር ጽፈዋል። አቶ ወንዳፍራሽ ለይርዳው የሸጡት የመጀመሪያውን መስመር ነው። ሁለተኛውን መስመር ማንም አልገዛቸውም፣ እሳቸውም አልሸጡም። ስለዚህ ይርዳው ክፍሉን አፍርሶ ደጁን ይልቀቅ።

ይርዳው ወረቀቱን ይዞ ሮጠ። ጋሼ፣ በየት ልገባ ነው ብሎ ጠየቃቸው፤ ኋላው ገደል፣ ጎንና ጎኑ የሰው ግድግዳ። አቶ ወንዳፍራሽ ለካ ብዙ አስበውበት ኖሯል። ክፋት የለብኝም አሉት፤ ደጁን አከራይሃለሁ፣ በወር በወሩ እየከፈልክ በደጄ እያለፍክ ቤትህ ትገባለህ።

ይርዳው ይህን ለጥሩአይነት ሲነግራት አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ካርቶኗን በእጇ ነካ አደረገቻት።

«አየህ» አለችው። «የራሳችን ቤት ውስጥ ሆነን እንኳ ተከራይ ልንሆን ነው። እንኳንም አልፈታኋት።»

ያን ጊዜ ነው ይርዳው የምሩን የከፋው። ሰው ቢያስወጣው ለምዶታል፤ ከራሱ ቤት ሳይወጣ ሲያስወጡት ግን ምን እንደሚባል ራሱ አላወቀም። ጠበቃ ፍለጋ ሄደ። የመጀመሪያው ጠበቃ ከሳሹ ማነው አለ፤ ስሙን ሲሰማ ታምሜያለሁ አለ። ሁለተኛው ከአቶ ወንዳፍራሽ ጋር በጎመኑ ውሃ ጉዳይ ተከራክሮ የተረታው ሰው ነው፤ ይርዳው ገና ከበሩ ሳይገባ እጁን አወዛወዘለት። ሦስተኛ ጠበቃ በወይራ አምባ የለም።

ቤቱ ተመልሶ ውሉን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ይርዳው የሕግ ሰው አይደለም፤ ወረቀት የሚያነበው ሱሪ እንደሚለካ ነው፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች፣ ጣቱን እያስኬደ። ያቺ ቃል ዘንድ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። መልሶ አነበባት። ጥሩአይነትን ጠርቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። እሷም አንዴ ድገመው አለችው። ሲደግመው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፋሿ እስኪያጥራት ሳቀች።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀር አቶ ወንዳፍራሽ ግራጫ ኮታቸውን ይዘው ይርዳው ሱቅ መጡ። ጠብ ሌላ ሥራ ሌላ አሉት፤ ኮቷ ዳኛ ፊት መቅረቢያ ስለሆነች ይገልብጥላቸው። ትፍረስ በተባለችው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ የሚያስፈርሷትን ክፍል በክርናቸው ተደግፈው፣ ዋጋ ቀንስልኝ ብለው ተከራከሩ። ይርዳው ቀነሰላቸው። ስፌቱን እየተረተረ፣ ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎት አላቸው። ሰው ፈርሞ ሲያበቃ፣ ያ ነገር እኔን አይመለከተኝም ማለት ይችላል?

አቶ ወንዳፍራሽ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይወዱታል።

«በጭራሽ» አሉ። «ውል በተዋዋሉት ሰዎች ላይ ሕግ ነው። የፈረመ ሰው ከፊርማው አይሸሽም። ለዚህም ነው አንተን የማሸንፍህ፤ ደጅ የሚል ቃል ውልህ ላይ የለም።»

ይርዳው አመሰገናቸው። ኮቷንም ጥሩ አድርጎ ሰፋላቸው።

የቀጠሮው ዕለት ችሎቱ ሞላ። አንድም የአቶ ወንዳፍራሽ ክርክር ለሰሚ አይሰለችም፣ አንድም ደግሞ ጥሩአይነት የመናኸሪያውን ሴት ሁሉ አስከትላ መጥታለች። ዳኛዋ ለከተማው አዲስ ናቸው፤ ወጣት ሴት ናቸው፤ ረጋ ብለው ይጽፋሉ። አቶ ወንዳፍራሽ ተነስተው የአባታቸውን ኑዛዜ አነበቡ። አንደኛውን መስመር ከሁለተኛው ለዩ። አንቀጽ ከአንቀጽ እያያያዙ፣ ከዘራቸውን እያነሱና እያስቀመጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገሩ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አድርገው ነው የተናገሩት። ሲቀመጡ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ አይ አፍ አሉ በአድናቆት።

ዳኛዋ ወደ ይርዳው ዞሩና ተከሳሽ ምን መልስ አለዎት አሉት።

ይርዳው ተነሳ። ከጀርባው ጥሩአይነት እንዳለች ስለሚያውቅ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ክብርት ዳኛ፣ የምመልሰው እኔ አይደለሁም» አለ። «በውሌ ላይ ስለ እኔ ሆኖ የሚከራከርልኝ ሰው አለ።»

ዳኛዋ ብዕራቸውን አቆሙ። ይህ ሰው ማን እንደሆነና ችሎት ቀርቦ እንደሆነ ጠየቁ።

«ቀርበዋል። ኮታቸውንም የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ።»

ሰዎች ወደ ግራጫዋ ኮት ዞሩ። አቶ ወንዳፍራሽም ከኋላቸው ማን እንዳለ ለማየት ዞሩ። ከኋላቸው ግድግዳ ነበር። ዳኛዋ ውሉን ተቀበሉና ያቺን ቃል ፈልገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቧት፤ ስንዝር ታህል እንኳ የምትለውንም፣ በራሴ አፍ የምትለውንም፣ መጪው ማንም ይሁን ማን የምትለውንም፣ ቆርጬ እተካለሁ እስከምትለው ድረስ። በር አጠገብ ቆሞ የነበረው ልሳነወርቅ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ።

አቶ ወንዳፍራሽ ተነሱ። ያ ቃል ሌላ ሰው ቢመጣ ለማለት ነው እንጂ እኔን አይመለከትም አሉ።

ዳኛዋ ወረቀቱን እንደገና አዩት። ከእኔ በቀር የሚል ነገር እንዳላገኙበት ነገሯቸው፤ ምናልባት በሌላ መስመር ተጽፎ እንደሆነም ጠየቋቸው። ዳኛዋ ይርዳውን የሚጨምረው ነገር እንዳለ ጠየቁት።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ይርዳው። «እኔ ከጋሽ ወንዳፍራሽ ጋር ጠብ የለኝም። አንደኛው ጋሽ ወንዳፍራሽ ደጄን ሊወስዱ መጥተዋል። ሁለተኛው ጋሽ ወንዳፍራሽ ማንም ይምጣ ማን መክቼ እመልሰዋለሁ ብለው ፈርመውልኛል፤ የፈረመ ሰው ከፊርማው እንደማይሸሽም ከትናንት ወዲያ ኮት ሲያስገለብጡ ነግረውኛል። እንግዲህ እኔ መሃል ገብቼ ምን አደርጋለሁ? ሁለቱ ይከራከሩ፤ እኔ ሱቄ ነኝ፤ የረታው መጥቶ ይንገረኝ።»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ዳኛዋም ፊታቸውን ወደ መዝገቡ አቀረቀሩ፤ ቀና ሲሉ ግን ኮስተር ብለው ነበር። አቶ ወንዳፍራሽን ከየትኛው ወገን እንደሚቆሙ ጠየቋቸው።

አቶ ወንዳፍራሽ ከከሳሽ ወንበር ተነስተው ሁለት እርምጃ ወደ ተከሳሽ ወንበር ሄዱ። ቆሙ። አሰቡ። አንድ እርምጃ ተመለሱ። ሠላሳ ዓመት በዚያ ቤት ሲሠሩ እንዲህ ያለ ነገር በመዝገብ አላዩም። ዳኛዋ ሊረዷቸው ብለው ነገሩን ዘርዝረው አስረዷቸው። እንደ ከሳሽ ከረቱ፣ እንደ ይርዳው ዋስ ተረትተዋል። ያን ጊዜ በውሉ መሠረት ይርዳው የተወሰደበትን ያህል ከቤቱ አጠገብ ካላቸው መሬት ቆርጠው ይተካሉ። ከቤቱ አጠገብ ያላቸው መሬት የትኛው ነው?

አቶ ወንዳፍራሽ በጣታቸው ቆጠሩ። ከቤቱ አጠገብ ሊኖራቸው የሚችለው መሬት ያን ቀን የሚረቱት ደጅ ብቻ ነበር። ረትተው ይወስዱታል፤ ከዚያ ቆርጠው ለይርዳው ይመልሱለታል። በሩ አጠገብ ልሳነወርቅ፣ ልረታ ነው እንዴ አሉኝ እኮ ብሎ ለጎረቤቱ አንሾካሾከ።

ጣታቸውን አጠፉና ክሴን አንስቻለሁ አሉ። ዳኛዋ ክሱ መነሳቱን አስጻፉና መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ፣ አቶ ወንዳፍራሽ እጃቸውን አወጡ።

«ክብርት ዳኛ፣ አንድ ነገር ይጻፍልኝ» አሉ። «በገባሁት ውል መሠረት፣ የመጣውን ተከራካሪ መክቼ መልሻለሁ።»

ተጻፈላቸው።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ጥሩአይነት ካርቶኗን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣቻትና ሲባጎውን በይርዳው መቀስ ቆረጠችው። ዐሥር ጊዜ በጋሪ ላይ ሲንገላቱ ከስድስቱ ሰሃኖች ሁለቱ ተሰብረው ነበር። ይርዳው እንዳታዝን ፈርቶ ቀና ብሎ አያት። እሷ ግን፣ ይሁና፣ ሁለት እንግዳ መቀነስ ነው ብላ አራቱን አጥባ ደረደረቻቸው። ሁለቱ ለእነሱ፣ ሦስተኛው ለልሳነወርቅ ሆነ። ለአራተኛው ሰሃን ማንን እንጥራ ብላ ከጠየቀች በኋላ መልሱን ሳትጠብቅ ሻሿን አሰረችና ራሷ ሄዳ አቶ ወንዳፍራሽን ጠራቻቸው። የነጻ ምሳ ነው፤ መጡ።

ኮታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ፣ አበባዋ እስክትታይ ድረስ ሰሃናቸውን አጸዱ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ደገፍ ብለው ወደ ደጁ ተመለከቱ። መናኸሪያው ይጮሃል፤ ከሱቁ ፊት አንድ መንገደኛ የተቀደደ ጃኬቱን ይዞ ይርዳውን ይጠብቃል።

«ምንም ቢሆን» አሉ፣ «እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ከተማ እኔን ተከራክሮ የረታኝ ሰው የለም።»

«እውነት ነው ጋሼ» አለ ይርዳው፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እያንጠለጠለ። «ዛሬም ቢሆን የረታዎት እርስዎ ነዎት።»